ዶርም መጋራት መነጋገርን አያስተምርም

በጥቅምት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከእግር ኳስ ጨዋታ ጋር ተያይዞ በተነሣ ጠብ የሁለት ተማሪዎች ሕይወት ጠፋ። ወሬው የግቢውን አጥር ለመዝለል ጊዜ አልወሰደበትም። በቀናት ውስጥ በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ግጭት ተቀሰቀሰ፤ ብዙ ተማሪዎች ሻንጣቸውን አንሥተው ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ የፌዴራል ፖሊስ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ገባ። ያ የትምህርት ዘመን ሲጀመር ተማሪዎችና ወላጆቻቸው በሰላም ለመማርና ለማስተማር ውል ፈርመው ነበር። ውሉ የተከለከለውን ዘርዝሯል። የዶርም ጓደኛ ስልኩን ከፍቶ «ወገኖችህ ያደረጉትን አየህ?» ሲል ምን ተብሎ እንደሚመለስለት ግን የትኛውም ውል አያስተምርም።

በዩኒቨርሲቲዎቻችን ስለ መከባበር ብዙ ይሰበካል። በመግቢያ በር ላይ ተሰቅሎ እናነበዋለን፣ በምረቃ ንግግር እንሰማዋለን፣ በሰላም ክበባት ቲሸርት ላይ እናየዋለን። ተማሪው በማይስማማበት ሐሳብ ፊት ተቀምጦ እንዴት እንደሚያዳምጥ፣ እንዴት እንደሚጠይቅ፣ ሲቆጣም እንዴት እንደሚናገር የሚለማመድበት ሰዓት ግን በፕሮግራሙ ላይ የለም። የኬሚስትሪ ተማሪን አንድም ቀን ላብራቶሪ ሳናስገባ «አሲድ ሲደፋ ተጠንቀቅ» ብቻ ብለን ብንመርቀው የሚስቅብን ሰው አይጠፋም። በዚህኛው ጉዳይ ግን ማንም አይስቅም።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ዛሬ ከ40 በልጧል፤ በ1983 ዓ.ም. በዛሬዋ ኢትዮጵያ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ስም የሚጠሩት የአዲስ አበባውና የዓለማያው ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት አብዛኛው ተማሪ ወደ ግቢው የገባው በማዕከላዊ ምደባ ነው። ከቦረና የመጣች ልጅ ከደቡብ ጎንደር ከመጣች ልጅ ጋር አንድ ተደራራቢ አልጋ ላይና ታች ተከፋፍላ ታድራለች፤ ሁለቱም እስከዚያች ሌሊት ከአካባቢያቸው ርቀው አድረው ላያውቁ ይችላሉ። የምደባው ተስፋ ግልጽ ነው፤ አብረው ካደሩ ይተዋወቃሉ፣ ከተዋወቁ ይግባባሉ። ግማሹ እውነት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት በ1954 እ.ኤ.አ. ያስቀመጠው ሐሳብ እስከ ዛሬ የዘርፉ መነሻ ሆኖ ቆይቷል። በእርሱ አባባል መገናኘት ጥላቻን የሚቀንሰው ሰዎቹ በእኩልነት ሲገናኙ፣ የጋራ ግብ ሲኖራቸው፣ ለግቡ ሲተባበሩና በላያቸው ያለው ባለሥልጣን ግንኙነቱን ሲደግፍ ነው። የእኛ ግቢ በዚህ ሚዛን ቢቀመጥ ቀላል ሆኖ ይገኛል። ተማሪው የሚፈልገውን የትምህርት ክፍል ለማግኘት በውጤት ይሽቀዳደማል። አንዱ የመግባቢያ ቋንቋውን እንደ ውኃ ይጠጣዋል፣ ሌላው እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሆዱ አዘጋጅቶ ነው የሚያወጣው። አስተዳደሩ ደግሞ የሚታየው ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ሴሚስተር ሳይደርስ ዶርም መቀያየር ይጀመራል፤ በካፌው ውስጥም ጠረጴዛዎቹ ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀባቸው ይሆናሉ። አዲስ ገቢውን መናኸሪያ ድረስ ወጥቶ የሚቀበለው የአገሩ ልጅ ነው። ይህ በራሱ ደግ ነገር ነው፤ ሻንጣ ይሸከምለታል፣ ቢሮውን ያሳየዋል፣ የመጀመሪያውን ቡና ይጋብዘዋል። በዚያው ደግነት ግን ከማን መራቅ እንዳለበት ይነግረዋል። ልጁ ገና አንድም መምህር ሳያይ የግቢውን የጠላትና የወዳጅ ካርታ ተረክቧል።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ተናጋሪ ጠፍቶበት አያውቅም። በየካቲት 1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች፣ በኮሌጅ ቀን ግጥም ንጉሠ ነገሥቱን ፊት ለፊት የወረፉት ወጣቶች፣ በ1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ ጽፎ እስከ ዛሬ የሚያከራክረን ዋለልኝ መኮንን፣ ሁሉም የስድስት ኪሎ ልጆች ናቸው። በክርክር የሚስተካከላቸው አልነበረም። የዚያው ትውልድ ልጆች በኢሕአፓና በመኢሶን ተከፍለው በ1968 ዓ.ም. በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አብዮታዊ መድረክ» ዓምድና በየልሳኖቻቸው ሲሟገቱ ጭብጡ መጀመሪያ ላይ ከባድ ጭብጥ ነበር፤ ከወታደራዊው መንግሥት ጋር መሥራት ይቻላል ወይስ አይቻልም? ብዙም ሳይቆይ አንዱ ሌላውን «ባንዳ»፣ ሌላው አንዱን «አናርኪስት» ይለው ጀመር፤ ከስድቡ በኋላ ጥይቱ ተከተለ። ያን ሁሉ እልቂት በንግግር ችሎታ ማነስ ማሳበብ የዋህነት ነው፤ ጠመንጃውን የያዘ ሦስተኛ ወገን መሐል ላይ ነበር። ይሁን እንጂ ክርክር በመርታት የተካነው ትውልድ ተከራካሪው ያለውን ሳያጣምም መልሶ መናገርን እንደ ሽንፈት ይቆጥረው እንደነበር ጽሑፎቹን ያገላበጠ ሁሉ ይታዘባል። ዛሬ የክርክር ክበብ በማቋቋም ብቻ ችግሩን የሚፈቱ የሚመስላቸው ኃላፊዎች ይህን ልዩነት ቢያጤኑት መልካም ነው። ክርክር ዳኛና አሸናፊ አለው፣ ለጭንቅላትም ጥሩ ነው። እዚህ የምንፈልገው ግን ዳኛ የሌለበት ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ግቢው የለመደው ስብሰባን ነው። በ2006 ክረምት ማብቂያ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመላ አገሪቱ ተጠርተው በመንግሥት ፖሊሲዎች ላይ ሥልጠና እንዲወስዱ ተደርጓል። አንድ ለአምስት የተባለው አደረጃጀት በወረቀት ላይ የጥናት መረዳጃ ነበር፤ ብዙ ተማሪ ግን የሚከታተለው ዓይን አድርጎ ነበር የሚያየው። ከእነዚህ የተገኘው ትምህርት ከባድ ትምህርት ነው፤ መድረክ ማለት አንገት የሚነቀነቅበት ቦታ፣ «አስተያየት አለኝ» ማለት ደግሞ ራስን ማስመዝገብ ነው። እውነተኛው ንግግር መብራት ከጠፋ በኋላ በአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ዶርም ውስጥ ቀረ፤ በኋላም ስም ወደማይጻፍባቸው የቴሌግራም ቻናሎች ተሻገረ። ይህን የወረሰ ተማሪ ፊት ቆሞ «በነጻነት ተወያዩ» ማለት ምን ያህል ባዶ ሆኖ እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርሶች ሲመለሱ ነገሩ የታሰበበት መስሎ ነበር። ሎጂክና የሂስ አስተሳሰብ፣ የግብረገብና የዜግነት ትምህርት፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ አካታችነት የሚባሉ ኮርሶች ሁሉም ተማሪ እንዲወስዳቸው ተደረገ። የሎጂክ ተማሪው ከሐሳቡ ይልቅ ሰውየውን ማጥቃት ምን ተብሎ እንደሚጠራ፣ ያልተባለ ነገር አሲዞ ያንን መምታት ስሙ ምን እንደሆነ በእንግሊዝኛ ሸምድዶ ፈተና ላይ ያከብባል። ማታ ዶርሙ ውስጥ ሁለቱንም ያለ ስማቸው ሲሠራባቸው ያመሻል። የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ ሞጁል ረቂቅማ ገና ተማሪ እጅ ሳይገባ ምሁራኑንና ፖለቲከኞቹን አወዛግቦ ዘገየ። አዋቂዎቹ ያልተስማሙበትን ታሪክ ተማሪዎቹ በስድስት አልጋ ክፍል ውስጥ ተስማምተው እንዲያድሩበት መጠበቃችን ያስገርማል።

አገራችን ውስጥ የተሞከረ ሌላ መንገድ አለ፤ ከሚገባው በታች ነው የሚታወቀው። ሃሮልድ ሳውንደርስ የተባሉ አሜሪካዊ ዲፕሎማት በ1978 እ.ኤ.አ. በካምፕ ዴቪድ የግብፅና የእስራኤል ድርድር ከተሳተፉት አንዱ ነበሩ። መንግሥታት ውል ከፈረሙ በኋላም ሕዝቦች እንደተኳረፉ እንደሚቀሩ ስላዩ ቀጣይነት ያለው ውይይት የሚባል ዘዴ ቀረጹ፤ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ በነበረችው ታጂኪስታን ሠሩበት። ዘዴውን በኋላ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየግቢያቸው ወሰዱት። ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጣው በ2009 እ.ኤ.አ. ሲሆን ያመጡትም ላይፍ ኤንድ ፒስ ኢንስቲትዩት የተባለው የስዊድን ድርጅትና የኢትዮጵያው የሰላምና ልማት ማዕከል ናቸው።

አሠራሩ ቀላል ይመስላል፣ ቀላል ግን አይደለም። ከተለያየ ብሔርና ሃይማኖት የተውጣጡ ከአሥር የሚበልጡ ተማሪዎች አንድ ቡድን ይሆናሉ። ያው ቡድን በትምህርት ዘመኑ ውስጥ ደጋግሞ ይገናኛል፤ ሰው አይቀያየርም። የሚመሩት ራሳቸው የሠለጠኑ ተማሪዎች ናቸው። ሂደቱ አምስት እርከን አለው። መጀመሪያ ለመነጋገር መወሰንና ቡድን መሆን፣ ቀጥሎ የሚያስቸግረውን ሁሉ አውጥቶ መዘርጋት፣ ከዚያ አንዱን መርጦ ሥሩ ድረስ መቆፈር፣ አራተኛ ምን ቢደረግ ምን እንደሚሆን አብሮ ማሰብ፣ በመጨረሻም አብሮ አንድ ነገር መሥራት። በአንድ ቀን ዐውደ ጥናት ሁለተኛው እርከን ላይ እንኳ አይደረስም። የሆቴል አዳራሽ፣ ባነር፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የሻይ ዕረፍት፣ አበልና የቡድን ፎቶግራፍ የለመደ መሥሪያ ቤት ይህን ዓይነቱን ነገር ስፖንሰር ለማድረግ የሚቸገረውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ ለፎቶ አይመችም።

ውጤቱስ? በስዊድን የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የሰላም ተመራማሪዎች ኢሳክ ስቬንሶንና ካረን ብሩኔዩስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደውን ይህንን መርሐ ግብር በዕጣ ምደባ ላይ በተመሠረተ ጥናት ፈትሸው በ2013 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። በውይይቱ የተሳተፉት ተማሪዎች በሌላው ብሔር ላይ ያላቸው ጥርጣሬ ቀንሶ ተገኘ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያጨበጭባል። ጥናቱ ግን ሌላም ነገር አሳየ፤ በእነዚያው ተሳታፊዎች ዘንድ የብሔር ማንነታቸው ለእነርሱ ያለው ክብደትና በብሔራቸው ምክንያት በደል ይደርስብናል የሚለው ስሜት ከፍ ብሏል።

በእኔ ግምት የጉዳዩ ሁሉ እምብርት ይህ ግኝት ነው። ብዙ የአስተዳደር ሰው ይህን ቢሰማ «ታዲያ ቁስል ቀሰቀሰ እንጂ ምን ፈየደ?» ብሎ መርሐ ግብሩን የሚያስዘጋ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ ሁለቱን ውጤቶች አንድ ላይ ሳነባቸው ውይይቱ ሥራውን መሥራቱን ነው የማየው። ያለፈበትን ለመጀመሪያ ጊዜ አውጥቶ የተናገረ ሰው ስለ በደሉ ያለው ግንዛቤ ይጨምራል፤ የተናገረውም የሚያዳምጠው ሌላ ወገን ባለበት ስለሆነ በዚያ ወገን ላይ ያለው እምነት አብሮ ያድጋል። ማንነቱን በር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ የተጠየቀ ተማሪ ሲወጣ መልሶ ያነሣዋል፣ ይዞት ሊገባ የተፈቀደለት ግን ይዞት መነጋገርን ይለምዳል። «ብሔርህን ርሳው» የሚል ትምህርት ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሐሰት ሆኖ ነው የሚሰማው፤ በተለይ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በአገሪቱ በተካሄዱት ጦርነቶች ዘመድ ለቀበረ፣ ወይም ከቤቱ ለተፈናቀለ።

በዚህ ዓይነት ቡድን ውስጥ የሚለመደው ክህሎት ምንድን ነው? ከባዱን ምሳሌ ልውሰድ። አንዱ ተማሪ በዓድዋ ድል ታሪክ አድጓል፤ ምኒልክ ማለት ለእርሱ አገር ማለት ነው። ሌላው ያደገው አርሲ ውስጥ ስለ አኖሌ፣ የምኒልክ ጦር የሰው እጅና ጡት ቆረጠበት ስለሚባለው ቦታ፣ በሚነገረው ታሪክ ነው፤ እዚያ በ2006 ዓ.ም. ሐውልት ተመርቋል። ሁለቱን ለክርክር ብታስቀምጣቸው እያንዳንዱ የሚያምነውን ታሪክ ጸሐፊ እየጠቀሰ እስከ ንጋት ይሟገታል፣ ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ይተኛሉ። የሠለጠነ አወያይ የሚያነሣው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይህን ታሪክ መጀመሪያ ከማን ሰማኸው? የነገሩህ ሰው ሲነግሩህ ምን ይሆኑ ነበር? አሁን ለጓደኛህ መልስ ከመስጠትህ በፊት እርሱ ያለውን በራስህ አነጋገር ድገምለት፤ «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» እስኪል ድረስ መልስ አትስጥ። ይህ የመጨረሻው ልምምድ ሲታይ የልጆች ጨዋታ ይመስላል፤ የሞከረው ሁሉ ግን ሦስት ጊዜ «አይደለም፣ እንደዚያ አላልኩም» ሳይባል እንደማያልፍ ያውቃል። «እናንተ ሁልጊዜ» ብሎ የሚጀምረውን ዓረፍተ ነገር «እኔ በዚያ ቀን» በሚል መተካትም እንዲሁ ነው። የታሪክ ጥያቄው በዚህ አይፈታም። የታሪክ ባለሙያ ሥራም በዚህ አይተካም። ሁለቱ ልጆች ግን ነገ ጠዋት ካፌ ውስጥ ሲገናኙ ሰላም መባባል ይችላሉ፣ ወሬ ሲመጣም የሚጠይቁት ሰው አላቸው።

ወሬ ካነሣን በአፋር ዘንድ ያለው ዳጉ ከየትኛውም የውጭ መመሪያ ይልቅ ሊጠቅመን ይችላል። መንገድ ላይ የተገናኙ ሰዎች ተቀምጠው ዜና ይለዋወጣሉ፤ ነጋሪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፣ ሐሰት ያሠራጨም ይጠየቅበታል። ይህን ሥርዓት ወደ ግቢ ማምጣት ለመረዳት የሚከብድ ነገር የለውም። በ2012 ከወልድያ የወጣው ዜና በየዶርሙ ሲደርስ «አንተ እዚያ ነበርክ? ማን ነገረህ? እርሱስ አይቷል?» የሚል ሰው በየክፍሉ አንድ እንኳ ቢኖር የግጭቱ አካሄድ ሊለወጥ ይችል ነበር። «ባህላዊ እሴቶቻችን» የሚለው ሐረግ ግን ሲበዛ ያሰጋኛል። ሽምግልናን እወደዋለሁ፤ ሆኖም ሽምግልና የሚሰማው ሽማግሌን ነው። የሁለተኛ ዓመት ሴት ተማሪ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቃሏ ስንት ይመዝናል? ከባህሉ የምንወስደውንና የምንተወውን ሳንለይ ሁሉንም ወደ ግቢ ብናስገባ ጸጥ ማሰኘቱንም አብረን እናስገባዋለን።

ቋንቋው ሌላ ራስ ምታት ነው። ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ውይይቱም በእንግሊዝኛ ይሁን የሚል ሐሳብ ለሁሉም እኩል ስለሆነ ፍትሐዊ ይመስላል። ነገር ግን በእንግሊዝኛ አልቅሶ የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ጥቂት ነው፤ የሚወጣው ንግግር የሪፖርት ንግግር ይሆናል። በአማርኛ ከሆነ አብዛኛው ይግባባል፣ ግን አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅ ሳያስበው የሰብሳቢነት ቦታ ይይዛል፤ ቃል የሚያጥረው ደግሞ ሐሳብ ያጠረው ይመስላል። ከሁሉ የሚሻለው ሰው ከባዱን ነገር በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተናግሮ ከቡድኑ አንዱ እንዲተረጉምለት መፍቀድ ነው። ጊዜ ይፈጃል። ጊዜ መፍጀቱ ራሱ ይጠቅማል፣ ሰው ሲተረጎምለት የሚጠብቅ ሁሉ ለመልስ አይቸኩልምና።

ውይይት የማይደርስበት ቦታ እንዳለም መካድ አይገባም። በኅዳር 2012 ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱት ተማሪዎች ጉዳይ የመነጋገር ክህሎት ጉዳይ አልነበረም፤ የመንገድ ደኅንነትና የመንግሥት ኃላፊነት ጉዳይ ነበር። ልጁ ነገ በሕይወት ይመለስ እንደሆነ የማያውቅ ቤተሰብን ስለ ማዳመጥ ጥበብ ማስተማር ስድብ ነው። በጎንደር ነዋሪዎች ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን እንደ ልጅ የተቀበሉበት የቃል ኪዳን ቤተሰብ ዓይነቱ ሥራ በዚህ ረገድ ከብዙ ዐውደ ጥናት ይበልጣል፤ ተማሪው ቢያንስ በዓል የሚውልበትና ሲታመም የሚደውልበት ቤት ያገኛል።

ሕጉ ደግሞ ለረጅም ጊዜ እንቅፋት ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በግጭት አፈታትና በዕርቅ ሥራ እንዳይሰማሩ ከልክሎ ነበር፤ የተሻረው በ2011 በአዋጅ ቁጥር 1113 ነው። ያ ሰበብ አሁን የለም። በ2014 የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1265 ሲቋቋም አገሪቱ ራሷ መነጋገር እንደሚያስፈልጋት በሕግ አምናለች፤ ዩኒቨርሲቲዎቿ ይህን ለማለማመድ የሚጠብቁት ፈቃድ አይታየኝም።

የቀረው ገንዘብና ሰዓት ነው፣ እርሱም ቢሆን ብዙ አይደለም። አንድ ክፍል፣ በሳምንት ሁለት ሰዓት፣ ከስልክ ነጻ፣ የተባለው ከክፍሉ እንደማይወጣ የተማማሉ ተማሪዎች፣ ከተለያየ ወገን የተመረጡ ሁለት አወያዮች። የሎጂክ ኮርሱ መምህር ከሴሚስተሩ ጥቂቱን ሳምንት ለዚህ ልምምድ ቢሰጥ ለመነሻ ይበቃል፤ ውጤት ግን አይሰጥበት፤ ማዳመጥ ማርክ ሲኖረው ማስመሰል ይሆናል። ዲኑ ደግሞ አንድ ግዴታ ይግባ። ቡድኖቹ የሚያወጡትን ቅሬታ፣ የዶርም ድልድል ይሁን አንድ መምህር በክፍል ውስጥ የተናገረው ነገር፣ በጽሑፍ ተቀብሎ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ምን እንዳደረገበት ለተማሪዎቹ ይመልስ። መልስ ያላገኘ ቅሬታ ወደዚያው የቴሌግራም ቻናል ነው የሚመለሰው። አወያዮች ደግሞ ይመረቃሉ፤ ስለዚህ ምልመላው ከሁለተኛ ዓመት ይጀመር፣ ነባሮቹ ከመውጣታቸው በፊት ቢያንስ አንድ ሴሚስተር ከአዲሶቹ ጎን ተቀምጠው ይምሩ።